የኢትዮጵያዊቷ ልዕልት በባዕዳን ግድግዳ ላይ

ከኔፕልስ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ግርጌ፣ ቦስኮትሬካሴ የሚባል ቦታ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻው አሥርት ዓመት፣ የንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ የጦር አዛዥና የልጁ ባል የነበረው የማርከስ አግሪፓ ቤተሰብ እዚያ ቪላ ነበረው። ከቪላው ክፍሎች በአንዱ ግድግዳ ላይ፣ አረንጓዴ ሰማያዊ ባሕር መካከል በቆመ ቋጥኝ የታሰረች ሴት ተስላ ነበር። ከታች አውሬ አፉን ከፍቶ ይጠብቃታል፤ ከላይ ክንፍ ያለው ጫማ የተጫማ ወጣት በአየር እየበረረ ይመጣል። ቬሱቪየስ በ79 ዓ.ም. ሲፈነዳ ቪላው ከነሥዕሉ ተቀበረ። ከ1,800 ዓመታት በላይ አልፎ፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ተቆፍሮ ወጣና ዛሬ ኒው ዮርክ በሚገኘው በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይታያል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የታሰረችው ሴት አንድሮሜዳ ናት፤ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ።

ግሪኮች ታሪኩን እንዲህ ያወሩታል። የኢትዮጵያ ንጉሥ ኬፌዎስ ካሲዮፔያ የምትባል ሚስት ነበረችው። ንግሥቲቱ በውበት ተመክታ የባሕር ደናግልን አቃለለች። የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ተቆጥቶ አገሩን የሚያጠፋ አውሬ ሰደደ፤ ጠንቋዮችም ልዕልቲቱ ለአውሬው ካልተሰጠች ምድሪቱ አትድንም አሉ። ልጅቷ በእናቷ ጥፋት ከባሕር ዳር ቋጥኝ ላይ ታሰረች። ያያትን ሁሉ ድንጋይ የምታደርገውን የሜዱሳን ራስ ቆርጦ ሲመለስ የነበረው ፐርሲየስ በአጋጣሚ በዚያ ሲያልፍ አያት፤ አውሬውን ገድሎም አገባት። በሞቱ ጊዜ አባት፣ እናት፣ ልጅና አማች አራቱም ከዋክብት ሆኑ፤ የሰማይ ተመራማሪዎች ዛሬም በስማቸው ይጠሯቸዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ፣ ብሩታዊትም ዛፍ ላይ ሆና ስታይ እየተመለከተ ያደገ ኢትዮጵያዊ ለታሪኩ ባዳ አይሆንም። ብዙ ተመራማሪዎችም የሰማዕቱን ዘንዶ ከፐርሲየስ አውሬ ጋር ያያይዙታል።

በእርግጥ ጥንታውያኑ ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ ምድር በጥቅሉ ማለታቸው ነበር፤ የዛሬዋን ኢትዮጵያ ወሰን የሚያክል ካርታ በእጃቸው አልነበረም። ልጅቷ ከዚያ ምድር መሆኗን ግን ያውቁ ነበር። በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኝ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቴና ውስጥ የተሠራ ማሰሮ ለዚህ ምስክር ነው። ማሰሮው ላይ ልዕልቲቱን ለማሰር ግንድ የሚተክሉት አገልጋዮች ፊታቸውም ጸጉራቸውም የአፍሪካዊ ነው። ልዕልቲቱ ግን እነሱን አትመስልም። ሠዓሊው አገሩን በአገልጋዮቹ መልክ አሳየና የንጉሡን ልጅ የራሱን አገር ሰው አስመሰላት። ከዚያ በኋላ የመጡት ሠዓሊዎች አብዛኞቹ ይህንኑ መንገድ ተከተሉ።

ፖምፔይ ውስጥ የዲዮስኩሪ ቤት በሚባለው የሀብታም መኖሪያ የተሳለችው አንድሮሜዳም ነጭ ናት። እዚያ ጦርነቱ አልቋል። ፐርሲየስ የሜዱሳን ራስ ከኋላው ደብቆ፣ ልጅቷን ክንዷን ይዞ ከቋጥኙ ያወርዳታል፤ እሷም ቀሚሷን ሰብስባ በጥንቃቄ ትረግጣለች። ሥዕሉ አሁን በኔፕልስ የአርኪዎሎጂ ሙዚየም ነው። የሮም ባለጸጎች እንዲህ ዓይነት ሥዕል ቤታቸው ያስሉ የነበረው ለጌጥ ብቻ አልነበረም። እንግዳ ራት ሲጋበዝ ግድግዳውን አይቶ ታሪኩን ማወቁ፣ ስለ ግሪክ ባለቅኔዎች መጫወቱ፣ የጋባዡንም የተጋባዡንም የትምህርት ደረጃ ያሳይ ነበር።

ስለ ልጅቷ መልክ ሁለት ዓይነት ወሬ ያቆየው ደግሞ ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ነው። በፍቅር ግጥሞቹ አንድሮሜዳ የአገሯን ሰዎች መልክ የያዘች ጠይም እንደሆነችና ፐርሲየስም እንደዚያው እንደወደዳት ይናገራል። በ8 ዓ.ም. አካባቢ በጨረሰው «ሜታሞርፎሲስ» በተባለው ታላቅ ሥራው ግን ፐርሲየስ ከሰማይ ሆኖ ሲያያት፣ ነፋስ ጸጉሯን ባያወዛውዘውና እንባዋ ባይፈስ ኖሮ የእብነ በረድ ሐውልት ትመስለው እንደነበር ይተርካል። ከዘመናት በኋላ ሠዓሊዎች እጅ የገባው ይህ ሁለተኛው መጽሐፍ ነበር። እብነ በረድ የምትለዋን ያዙ፤ ጠይምነቷን ተዉት።

ስለ አንድሮሜዳ ሥዕልና ስለ መኖሪያ ቤት የተጻፈው እጅግ አስገራሚው ነገር የመጣው ከሶሪያ ነው። የኤሜሳ ሰው ሄሊዮዶረስ በ3ኛው ወይም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ «አይቲዮፒካ» የተባለ ረጅም ልብ ወለድ ጻፈ። በልብ ወለዱ የኢትዮጵያ ንጉሥ ሂዳስፔስና ንግሥት ፐርሲና በመርዌ ከተማ ይኖራሉ። ሁለቱም ጥቁሮች ናቸው፤ ዘራቸውንም ከፐርሲየስና ከአንድሮሜዳ ይቆጥራሉ። የመኝታ ክፍላቸው ግድግዳ በእነዚሁ አያቶቻቸው የፍቅር ታሪክ ሥዕል አጊጧል። ለአሥር ዓመት ልጅ ሳይወልዱ ቆይተው ፐርሲና በፀነሰች ዕለት ዓይኗ ያረፈው በሥዕሉ ላይ፣ ፐርሲየስ ከቋጥኙ በሚያወርዳት በነጯ አንድሮሜዳ ላይ ነበር። የወለደቻት ልጅም ነጭ ሆነች።

እናት ደነገጠች። ባሏ ሌላ ወንድ አውቃለች ብሎ እንዳይጠረጥራት ፈርታ፣ እውነቱን በኢትዮጵያ ነገሥታት ፊደል በሐር መቀነት ላይ ጠልፋ ልጅቷን ከመቀነቱ ጋር ለዕድሏ ተወቻት። ልጅቷ ካሪክሊያ ተብላ በግሪኮች እጅ አደገች፤ ከብዙ መከራ በኋላ በምርኮኛነት ወደ መርዌ ተመለሰች። የገዛ አባቷ ለመሥዋዕት ሊያቀርባት ሲል ማንነቷ ተነገረ። ያን ጊዜ ሥዕሉ ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ ከጎኗ እንዲቆም ተደረገ። የመርዌ ሕዝብ ሥዕሉንና ልጅቷን እያፈራረቀ አየ፤ አንድ መሆናቸውንም መሰከረ። በእናት መኝታ ክፍል የተሰቀለ ሥዕል በልጅ መልክ ላይ ይታተማል የሚለው እምነት በዚያ ዘመን ብዙ ሰው የተቀበለው ነበር።

ሄሊዮዶረስ በአውሮፓ ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ቆይቶ በ1534 ባዝል ከተማ ታተመ። በ1547 ዣክ አሚዮ ወደ ፈረንሳይኛ መለሰው፤ በ1550ዎቹም በላቲንና በስፓኝ ቋንቋ ወጣ። በእነዚያው ዓመታት ቬኒስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሠዓሊ ለአንድሮሜዳ ሸራ እየወጠረ ነበር።

ቲሺያን በዚያን ጊዜ ዕድሜው ከ60 አልፏል፤ የአውሮፓ ነገሥታትም ይሻሙበታል። በ1550 መጨረሻና በ1551 መጀመሪያ ላይ በጀርመኗ አውግስበርግ ከስፔኑ አልጋ ወራሽ ከፊሊፕ ጋር ተገናኝቶ፣ ከጥንት አፈ ታሪክ የተወሰዱ ትላልቅ ሥዕሎች ሊሠራለት ጀመረ። ሠዓሊው ራሱ «ግጥሞች» ይላቸው ነበር። በ1553 «ዳናኤ»፣ በ1554 «ቬነስና አዶኒስ» ተላኩ። በ1554 ለፊሊፕ በጻፈው ደብዳቤ ሐሳቡን ገልጿል። በመጀመሪያው ሥዕል ሴቲቱ ከፊት ትታያለች፤ በሁለተኛው ከጀርባዋ ተሳለች፤ «ፐርሲየስና አንድሮሜዳ» ደግሞ ሌላ አቅጣጫ ያሳያል፤ ሥዕሎቹ የሚሰቀሉበት እልፍኝም በዚህ ያምራል ይላል። ቲሺያን ሸራው ፊት ቆሞ የሚያስበው ስለ ግድግዳውም ነበር፤ ተመልካቹ ክፍሉን ሲዞር አካሉ ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው እየዞረ የሚታይ እንዲመስለው ፈለገ።

ፊሊፕ ግን በእነዚያ ዓመታት ባለ አንድ ቤት ሰው አልነበረም። በ1554 እንግሊዝ ሄዶ የአገሪቱን ንግሥት ሜሪን አገባ። «ቬነስና አዶኒስ» እዚያው ደረሰው፤ ሲከፍተው ሸራው መሐል ለመሐል እጥፋት ወጥቶበት አገኘውና በደብዳቤ አማረረ። «ፐርሲየስና አንድሮሜዳ» የተላከለት በ1556 ነው፤ የስፔንን ዘውድ በጫነበት ዓመት።

ሥዕሉ በየአቅጣጫው ሁለት ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። አንድሮሜዳ በስተግራ ራቁቷን በሰንሰለት ታስራ ክብደቷን በአንድ እግሯ ጥላለች፤ አንድ እጇ ወደ ላይ ተስቧል፤ ፊቷን ወደ ሰማይ መልሳለች። ከቀኝ በኩል ፐርሲየስ ቁልቁል፣ በራሱ ሊተከል ምንም ሳይቀረው፣ ጋሻና ቆልማማ ሰይፍ ይዞ ይወረወራል። አውሬው ከማዕበሉ ወጥቶ መንጋጋውን ከፍቷል። በልጅቷ እግር ሥር ዛጎልና ቀይ ኮራል ተበትኗል፤ ኦቪድ እንደሚለው ኮራል የተገኘው የሜዱሳ ራስ ያረፈበት የባሕር ሣር ድንጋይ ሆኖ ነው። ሥዕሉ በኤክስሬይ ሲመረመር ቲሺያን የሰዎቹን አቋም ደጋግሞ እንደለወጠ ታይቷል። ከብዙ ሙከራ በኋላ ያገኘውም ይህንን ነው፤ ረግታ በቆመች ሴት ጎን ሚዛኑን ስቶ የሚወድቅ የሚመስል ወንድ።

የፊሊፕ ጸሐፊ አንቶኒዮ ፔሬዝ በማድሪድ ከንጉሡ ቀጥሎ ባለ ብዙ ሥዕል ሰው ነበር። «ፐርሲየስና አንድሮሜዳ» ከንጉሡ ቤት ወጥቶ ወደ እሱ ቤት ገባ። ፔሬዝ በ1579 ታሰረ፤ በኋላ ወደ አራጎን አምልጦ በመጨረሻ በስደት ፓሪስ ሞተ፤ ንብረቱም ተበተነ። ሥዕሉ የኤስኮሪያልን የነገሥታት የነሐስ ሐውልቶች ወደሠራው ወደ ፖምፔዮ ሊዮኒ ተሻገረ። ከተከታታዮቹ ሥዕሎች በንጉሡ ቤተሰብ እጅ የቀሩት በማድሪድ ቤተ መንግሥት ይታዩ ነበር። በ1626 ጣሊያናዊው ካሲያኖ ዳል ፖዞ ቤተ መንግሥቱን ሲጎበኝ እንደጻፈው፣ ንግሥቲቱ በክፍሎቹ በምታልፍበት ጊዜ ራቁት የሚታይባቸው ሥዕሎች ይሸፈኑ ነበር።

ቀጣዩ ቤት የሠዓሊ ቤት ነው። አንቶኒ ቫን ዳይክ የእንግሊዙ ንጉሥ የቀዳማዊ ቻርልስ ሠዓሊ ሆኖ ለንደን ውስጥ ብላክፍራየርስ ሰፈር ይኖር ነበር። ለቲሺያን የነበረው ፍቅር ልክ አልነበረውም፤ ከሞተ በኋላ በተሠራው ዝርዝር 19 ሥዕሎች በቲሺያን ስም ተመዝግበው ተገኝተዋል። ከእነሱ አንዱ «ፐርሲየስና አንድሮሜዳ» ነበር። ቤት ውስጥ የተሰቀለ ሥዕል ለባለቤቱ ምን እንደሚሠራ እዚህ በግልጽ ይታያል። በ1630ዎቹ መጨረሻ ቫን ዳይክ የራሱን አንድሮሜዳ ሳለ፤ ሰንሰለቱና ወደ ላይ የተመለሰው ፊት የቲሺያንን ሥራ ያስታውሳል። ያ ሥዕል ዛሬ ሎስ አንጀለስ ነው።

ቫን ዳይክ በ1641 ከሞተ በኋላ የቲሺያኑን ሥዕል የኖርዘምበርላንዱ መስፍን ገዛው። በዚያው አሥርት ዓመት፣ ሥዕሉ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ በመጽሐፍ ወጣ። የቬላስኬዝ መምህርና አማት የነበረው ፍራንሲስኮ ፓቼኮ ከሞተ በኋላ በ1649 በታተመው የሥዕል ጥበብ መጽሐፉ፣ አንድሮሜዳ ኢትዮጵያዊት ሆና ሳለ፣ ኦቪድም ጠይም ናት እያለ፣ ሠዓሊዎች ለምን ነጭ አድርገው ይስሏታል የሚለውን አነሳ። ከስድስት ዓመት በኋላ ሚሼል ደ ማሮል ፓሪስ ላይ ባሳተመው የአፈ ታሪክ መጽሐፍ፣ አንትወርፕ ይሠራ የነበረው አብርሃም ቫን ዲፐንቤክ የነደፈው አንድሮሜዳን በጥቁር ሴት መልክ የሚያሳይ ሥዕል ወጣ። ያ ሥዕል ግን መጽሐፍ ውስጥ ቀረ። በየቤተ መንግሥቱ አዳራሽ የሚሰቀሉት ትላልቅ ሸራዎች መልካቸውን አልለወጡም። የኢትዮጵያን ስም የያዘ ታሪክ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ በሰው ሁሉ ቤት ሲዘዋወር፣ የኢትዮጵያዊቷ መልክ ግን ከደጅ መቅረቱ ሊነገር የሚገባው እውነት ነው።

የቲሺያኑ ሥዕል ከእንግሊዝ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ። ፓሪስ ውስጥ በመጀመሪያ የገባው ወደ ላ ቭሪየር ቤተሰብ ሲሆን፣ የዚያ ቤተሰብ መኖሪያ ዛሬ የፈረንሳይ ባንክ መቀመጫ ነው። ከዚያ ወደ ኦርሊያን መሳፍንት እጅ ገባ፤ በ1727 በታተመው የፓሌ ሩዋያል ቤተ መንግሥት ሥዕሎች ዝርዝር ላይም ስሙ አለ። ፓሌ ሩዋያልን በቲሺያን፣ በኮሬጆና በቬሮኔዜ ሥራዎች የሞላው የፈረንሳይ እንደራሴ የነበረው ፊሊፕ ዶርሊያን ነው። ልጁ ሉዊ ግን ጽኑ ሃይማኖተኛ ሆነ። የአባቱ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ራቁት አማልክት አላስችል አሉት፤ የኮሬጆን «ሌዳ» በቢላዋ ቀደደው፤ የሌዳንም ራስ አጠፋው። ሠዓሊው ሻርል ኮይፔል ቁርጥራጩን ሰብስቦ አዳነ፤ በኋላ የፕሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ፍሬድሪክ ገዛው። ዛሬ በርሊን የሚገኘው ሥዕል ላይ የሚታየው ራስ ሌላ ሠዓሊ የጨመረው ነው። የቲሺያኗ አንድሮሜዳ በዚያው ሕንፃ እያለች ከቢላዋው ተረፈች።

የፈረንሳይ አብዮት መጣ። በዕዳ የተዘፈቀው የኦርሊያን መስፍን ስብስቡን ሸጠ፤ ገዢውን ገዢ እየተካው የጣሊያኖቹ ሥዕሎች ለንደን ደረሱ። ሦስት የእንግሊዝ መኳንንት አብረው ገዝተው ምርጦቹን ለራሳቸው አስቀሩና የቀሩትን በ1798ና በ1799 ለሕዝብ አሳይተው ለሽያጭ አቀረቡ። «ፐርሲየስና አንድሮሜዳ» እነሱ ካስቀሩት ውስጥ አልነበረም። በ1815 ሦስተኛው የኸርትፎርድ ማርኪስ ገዛው።

ከዚህ በኋላ ሥዕሉ ከዓይን ራቀ። የማርኪሱ ልጅ ፓሪስ ሆኖ ያለ ዕረፍት የጥበብ ሥራዎችን ሲያሰባስብ ኖረ። ወራሹ ሪቻርድ ዋላስ ነበር፤ በ1872 ለፓሪስ ሕዝብ የውኃ መጠጫ ፏፏቴዎችን የሰጠው ይኸው ሰው ነው። ዋላስ ስብስቡን ይዞ ለንደን፣ ማንቸስተር አደባባይ ወዳለው ኸርትፎርድ ሃውስ ተመለሰ። ትላልቆቹን ሥዕሎች በአዳራሹ ሰቀለ፤ የቲሺያኑን ግን መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ፣ ከገንዳው በላይ ሰቀለው። የንጉሥ እልፍኝ ታስቦለት የተሳለው ሥዕል መስታወት እንኳ ሳይኖረው በእንፋሎት መካከል ዓመታትን አሳለፈ። ለንደን ውስጥ ስለ ጥበብ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ጠፍቷል ይል ነበር።

በዚያው ዘመን የተከታታዩ የመጨረሻ ሥዕል ፍጹም የተለየ ዕድል ገጠመው። በ1896 የቦስተኗ ባለጸጋ ኢዛቤላ ስቱዋርት ጋርድነር በጥበብ ሊቁ በበርናርድ ቤረንሰን አማካይነት «የኤውሮፓ ጠለፋ»ን ወደ 20 ሺህ ፓውንድ አውጥታ ገዛች። ጋርድነር ቤቷን በቬኒስ ቤተ መንግሥቶች አምሳል አሠርታ በ1903 ለሕዝብ ስትከፍት፣ ሥዕሉን በራሱ ስም በተሰየመ ክፍል ሰቀለችው። ከሥሩ ታዋቂው የፓሪስ ልብስ ሰፊ ወርዝ ከሠራላት የገዛ ቀሚሷ የተቆረጠ ሐር ግድግዳው ላይ ዘረጋች። እሷ የምትኖረው እዚያው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ የሰቀለችው ነገር ከቦታው እንዳይነቃነቅም ተናዛለች። ሐሩ ዛሬም እዚያው ነው።

ለንደን ውስጥ ደግሞ በ1897 የዋላስ ባለቤት ስትሞት ስብስቡ ለእንግሊዝ ሕዝብ ተናዘዘ። የመጀመሪያው ኃላፊ የነበረው ክሎድ ፊሊፕስ ቤቱን እየዞረ ሲመዘግብ መታጠቢያ ክፍሉ ደረሰ፤ ከገንዳው በላይ ያለውን ሸራ አየና የፊሊፕ ሥዕል መሆኑን አወቀ። በ1900 ኸርትፎርድ ሃውስ ሙዚየም ሆኖ ሲከፈት ግኝቱን በጽሑፍ አስታወቀ። አንድሮሜዳ ከመታጠቢያ ክፍል ወደ አዳራሽ ወጣች።

ኑዛዜው ስብስቡ ሳይቀላቀል አንድ ላይ እንዲቆይ ስለሚያዝ ሥዕሉ ከዚያ በኋላ ለ120 ዓመታት ያህል ከሕንፃው አልወጣም። ሙዚየሙ በ2019 ደንቡን አሻሽሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዋሰው ይህንኑ ሥዕል ነው። የለንደኑ ናሽናል ጋለሪ በመጋቢት 2020 ስድስቱን የቲሺያን «ግጥሞች» በአንድ አዳራሽ ሲሰበስብ ኮሮና መጣና ዐውደ ርእዩ በተከፈተ በቀናት ውስጥ ተዘጋ፤ በሐምሌ እንደገና ተከፈተ። ሥዕሎቹ ቀጥለው ወደ ማድሪዱ ፕራዶ፣ ከዚያም በ2021 ወደ ቦስተኑ የጋርድነር ሙዚየም ሄዱ። ቲሺያን ለፊሊፕ የገለጸለት፣ አካልን ከየአቅጣጫው የሚያሳየው እልፍኝ፣ ከአራት መቶ ዓመታት በኋላ ለጥቂት ወራት በተግባር ታየ።

ዐውደ ርእዩ በ2022 መጀመሪያ ሲዘጋ «ፐርሲየስና አንድሮሜዳ» ወደ ማንቸስተር አደባባይ ተመለሰ። ሙዚየሙ መግቢያ አያስከፍልም። ለንደን ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ጎራ ብሎ የሚያይ ካለ፣ ንጉሥ ኬፌዎስ ልጁን አሳልፎ የሰጠባትን ከተማ በሥዕሉ ጀርባ፣ ከባሕሩ ማዶ፣ በደበዘዘ ቀለም ያገኛታል። ቲሺያን ለዚያች የኢትዮጵያ ከተማ የሰጣት መልክም ከጣሊያን ወደብ የማይለይ ነው።